ከተማሪው ወንበር እስከ ዲኑ ወንበር፦ የነርሲንግ ትምህርትን ማን ይመራል?

ጠዋት ላይ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የነርሶችን ርክክብ ቆሞ የሰማ ሰው ብዙ ነገር ይረዳል። ሌሊት ያደረችው ነርስ ለቀኑ ተረኛ «አልጋ ሰባት ቢፒው ወርዶ ነበር፣ ፍሉድ ቀጥለናል፣ የሽንት መጠኑ ይታይ» ትላለች። ዞር ብላ ለታማሚው አስታማሚ የምትነግራት በአፋን ኦሮሞ ነው። ታማሚው ከዳውሮ ወይም ከከፋ የመጣ ከሆነ ደግሞ ኮሪደሩ ላይ አስተርጓሚ ይፈለጋል። የጽዳት ሠራተኛ ሊሆን ይችላል፤ የጥበቃ ሠራተኛ ሊሆን ይችላል፤ የሌላ ታማሚ አስታማሚም ይሆናል። አንዳንዴ ከዚያው አካባቢ የመጣ የነርሲንግ ተማሪ ይገኝና ሁሉም እፎይ ይላል።

ይህ የማስተርጎም ሥራ የታማሚን ሕይወት ይነካል። «ሕመሙ መቼ ጀመረዎት?» የሚለው ጥያቄ ተሳስቶ ከተተረጎመ መልሱም ይሳሳታል፤ ቻርቱ ላይ የሚጻፈውም ይሳሳታል። ተማሪው ግን ይህን ክህሎት በአብዛኛው የሚለምደው ከዶርም ጓደኛውና ከታማሚዎቹ ነው። ስኪል ላብ (የክህሎት መለማመጃ ክፍል) ገብቶ፣ መምህር ቆሞለት፣ ነጥብ ተይዞለት የሚለማመደው ካቴተር ማስገባትን፣ ቁስል ማጠብን፣ ግሉኮስ መትከልን ነው። ሁለቱም የነርስ ሥራ ናቸው። የትኛው በወጉ ይሰጥ፣ የትኛው ደግሞ «ተማሪው እንደምንም ይወጣው» ይባል የሚለውን የሚወስን ሰው አለ። ሀገር አቀፍ ሥርዓተ ትምህርት ቢኖርም አተገባበሩ፣ የዋርድ ልምምዱ ፕሮግራም፣ የምዘናው ክብደት፣ መምህር ምደባው በትምህርት ክፍል ኃላፊዎች፣ በኮሚቴዎችና በዲኖች እጅ ያልፋል።

ስለዚህ እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው የሚለው ጥያቄ የታማሚም ጥያቄ ነው። የነርሲንግ ትምህርታችን በሩ ላይ ስብጥር አለው። ሴትም ወንድም ይገባል፤ የገጠር ልጅም የከተማ ልጅም ይገባል፤ ቋንቋውም ብዙ ነው። ወደ አመራሩ ሲወጣ ግን ስብጥሩ እየሳሳ ይሄዳል። ማንም በክፋት በር ስለዘጋ አይመስለኝም። መምህር የሚያድግበትና ኃላፊ የሚመረጥበት መንገድ የተቀየሰው ሌሊት ተረኛ ላልሆነ፣ ሕፃን ልጅ ለማይዝ፣ እንግሊዝኛ ለማይቸግረው ሰው ነው። አንዲት ሴት ሾሞ ፎቶ መነሣት ይህን መንገድ አይቀይረውም።

ጅማ ላይ ጉዳዩ ለምን ይገዝፋል?

ጅማ ዩኒቨርሲቲ በታኅሣሥ 1992 ዓ.ም. ሲመሠረት ሁለት ተቋማት ተዋህደው ነው። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1952 የተከፈተው የግብርና ትምህርት ቤት ነበር። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1983 የተቋቋመው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ነው። የጤናው ዘርፍ መለያው ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት ሆኖ ቆይቷል። ተማሪው ክፍልና ዋርድ ውስጥ ብቻ አይቀርም። ቀበሌ ይወርዳል፣ ቤት ለቤት ይዞራል፣ ስለ ውኃው፣ ስለ መጸዳጃው፣ ስለ ክትባቱ፣ ስለ እርግዝና ክትትሉ ይጠይቃል። መመረቂያው ሲደርስ ደግሞ የነርሲንግ፣ የሕክምና፣ የፋርማሲና የላቦራቶሪ ተማሪዎች በአንድ ቡድን ሆነው ጤና ጣቢያ ይመደባሉ። ቲቲፒ ይሉታል።

ይህ አካሄድ አንድ ነገር ያጋልጣል። በሰቃ ጨቆርሳ ወይም በቀርሳ ወረዳ ቤት ለቤት የሚዞር የተማሪዎች ቡድን እንውሰድ። ከባሕር ዳር፣ ከሐዋሳ፣ ከአዲስ አበባ የመጡት መጠይቁን ይዘው ከኋላ ይከተላሉ። ፊት ፊት የምትሄደው አፋን ኦሮሞ የምትናገረው ተማሪ ናት። የቤቱ ባለቤት «ግቡ፣ ቡና እየተፈላ ነው» የሚሉት እሷን ነው። እናትየዋ ስለ ወሊድ ሲጠየቁ ፊታቸውን የሚያዞሩት ወደ እሷ ነው። ወንዶቹ ተማሪዎች ትንሽ ራቅ ብለው ግቢው ውስጥ እንዲቆዩ በዓይኗ የምትነግራቸውም እሷው ናት። መረጃው የተገኘው በእሷ ነው። ወደ ግቢ ተመልሰው ሪፖርት ሲያቀርቡ ግን ስላይዱን በእንግሊዝኛ ቀልጥፎ ያብራራው ልጅ የተሻለ ነጥብ ይዞ ቢወጣ አይገርምም።

ይህን ያነሣሁት ስለ ማርክ ለማዘን አይደለም። ዩኒቨርሲቲዎቻችን መምህር የሚያስቀሩት በአብዛኛው በመመረቂያ ነጥብ ነው። የነገዋ ዲን ወይም የነገው ዲን የሚለቀሙት እዚህ ጋ ነው። ቡድኑን የመራችው፣ ቤቶቹን ያስከፈተችው ልጅ ያላት ችሎታ በዚህ ሚዛን ላይ ክብደት የለውም። አመራር የምንለው ነገር ደግሞ እሷ የሠራችው ሥራ ነበር።

የሕክምና ማዕከሉ የሚያገለግለው ጅማ ከተማንና ዞኑን ብቻ እንዳልሆነ ይታወቃል። ኅዳር 2014 ዓ.ም. የተቋቋመው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ብዙ ታማሚዎች ሪፈር ተጽፎላቸው የሚመጡት ወደዚሁ ነው። ከፋ፣ ዳውሮ፣ ሸካ፣ ቤንች ሸኮ፣ ምዕራብ ኦሞ፣ ኮንታ። ከየም ይመጣሉ። ከኢሉባቦር ይመጣሉ፣ ከጋምቤላ ይመጣሉ። እንዲህ ያለ ዋርድ ውስጥ የሚሠለጥን ነርስ ምን መማር እንዳለበት ለመወሰን የእነዚህን ቦታዎች ቤትና ጓዳ የሚያውቅ ሰው ስብሰባው ላይ ቢኖር መልካም ነው ብሎ ማሰብ ሩቅ አያስኬድም።

ሙያው ያለፈበት መንገድ

በዘመናዊ ነርስነት በስም ከሚታወቁት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አንዷ ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። በስደት ዘመን ለንደን በሚገኘው ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ተምረው እ.ኤ.አ. በ1939 ተመረቁ። ከነጻነት በኋላ ብዙም አልቆዩም። በ1934 ዓ.ም. ነቀምቴ ላይ በወሊድ ምክንያት አረፉ። ገና ሃያ ሦስት ዓመት አልሞላቸውም ነበር። በስማቸው አዲስ አበባ ላይ የተሠራው ሆስፒታል ነርሶችንም ያሠለጥን ነበር። ስለ እናቶች ጤና በሚነገርበት ሀገር ነርሷ ራሷ በወሊድ መሞቷ እስካሁን ልብ ይነካል።

በዚያው ዘመን አካባቢ የተከፈቱት የነርስ ትምህርት ቤቶች በውጭ ሀገር ባለሙያዎች ይመሩ ነበር። ቀይ መስቀል ነበር፣ የስዊድን ወንጌላውያን ሚሲዮን ነበር፣ አድቬንቲስቶች ነበሩ። ደንቡ፣ ዩኒፎርሙ፣ የትምህርት ቋንቋው ከእነሱ ጋር መጣ። ቀስ በቀስ ኢትዮጵያውያት ኃላፊነቱን ተረከቡ። ሜትረን (የነርሶች አለቃ) የሚለው ስም ሲጠራ አዛውንቶች ዛሬም ቆፍጣና ሴት ነው የሚታያቸው። ወንዶቹ በበኩላቸው ድሬሰር ሆነው በየጠቅላይ ግዛቱ ቁስል ሲያጥቡ፣ መርፌ ሲወጉ፣ ራቅ ባለ ክሊኒክ ሐኪም ተብለው ሲከበሩ ኖረዋል። ወንድ ነርስ ለኛ ሀገር እንግዳ ነገር አይደለም።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ነርሲንግ ከሆስፒታል ትምህርት ቤት ወጥቶ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ነው። ዲግሪ መጣ፣ ማስተርስ መጣ። ሙያው ክብር አገኘ፣ ተገቢም ነበር። አመራሩ ግን አብሮ ተለወጠ። ድሮ ትምህርት ቤቱን የምትመራው ዋርድ ውስጥ የከረመች አንጋፋ ነርስ ነበረች። ዩኒቨርሲቲው የራሱን ሚዛን ይዞ መጣ፤ የትምህርት ደረጃ፣ ማዕረግ፣ የታተመ ጥናት። ይህ ሚዛን ለፊዚክስም ለታሪክም ለነርሲንግም አንድ ነው። ችግሩ እዚህ ጋ ጀመረ።

የዓለሙ ቁጥር የሚነግረንና የማይነግረን

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ሪፖርት በዓለም 29.8 ሚሊዮን ነርሶች እንዳሉና 85 ከመቶ የሚሆኑት ሴቶች እንደሆኑ ገልጿል። ያው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተመው ሌላ ጥናት ደግሞ ከዓለም የጤና ሠራተኛ 70 ከመቶው ሴት ሆኖ ሳለ ከፍተኛውን የአመራር ቦታ የያዙት ሴቶች 25 ከመቶ ብቻ መሆናቸውን አስፍሯል። በአፍሪካ ከነርሶች የሴቶቹ ድርሻ ከዓለሙ አማካይ ያንሳል። አፍሪካ ውስጥ ወንድ ነርስ ከሌላው ዓለም ይበዛል ማለት ነው። ኢትዮጵያም ከዚህ የተለየች አይደለችም።

እ.ኤ.አ. በ1992 አንዲት አሜሪካዊት የሶሺዮሎጂ ምሁር በነርስነትና መሰል የሴት በሚባሉ ሙያዎች ውስጥ የገቡ ወንዶችን አጥንታ ነበር። ያገኘችው ነገር ብዙዎችን አስገርሟል። ወንዶቹ በቁጥር አናሳ ስለሆኑ አልተገፉም። እንዲያውም ሳይፈልጉ ጭምር ወደ ኃላፊነት ይገፉ ነበር። የኛ ሁኔታ ሙሉ በሙሉ ይህ ነው አልልም፤ ክፍሎቻችን ውስጥ ወንዶች ያን ያህል አናሳ አይደሉምና። ግፊቱ ግን አለ። ሆስፒታል ግቡና እዩ። ነጭ ጋውን የለበሰው ወንድ ተማሪ ገና ሦስተኛ ዓመት ሳይደርስ ታማሚው «ዶክተር» ይለዋል። አጠገቡ የቆመችው ሐኪም ደግሞ «ሲስተር፣ ዶክተሩ መቼ ይመጣል?» ተብላ ትጠየቃለች። ሕዝቡ በየዕለቱ እንዲህ እያለ ሲያሳድጋቸው አንዱ ትከሻው ይሰፋል፣ አንዷ ራሷን ማስረዳት ይደክማታል። የኃላፊነት ማስታወቂያ ሲወጣ ማን ቀድሞ ፋይሉን ይዞ እንደሚሄድ መገመት አይከብድም።

በሀገራችን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ሴት መምህራን ከወንዶቹ እጅግ ያንሳሉ። ማዕረጉ ከፍ ባለ ቁጥር ደግሞ ይበልጥ ይሳሳሉ። ከጅማ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና የተመረቁት ዶክተር ሊያ ታደሰ ከ2012 እስከ 2016 ዓ.ም. የጤና ሚኒስትር ነበሩ። ይህ የሚያኮራ ነው፣ ለተማሪዎችም ትልቅ ምሳሌ ነው። አንድ ሰው ጫፍ መድረሱ ግን ከኋላ ያሉት የሚሄዱበት መንገድ መጠረጉን አያሳይም።

መንገዱ ራሱ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። አንዲት ልጅ በጥሩ ነጥብ ተመርቃ ረዳት ምሩቅ ሆና ቀረች እንበል። ዕድሜዋ ሃያ ሦስት ወይም ሃያ አራት ነው። ሥራዋ ምንድን ነው? ተማሪ ይዛ ዋርድ መግባት፣ ሎግቡክ መፈረም፣ ስኪል ላብ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ማሳየት፣ ፈተና መቆጣጠር። ይህ ከባድ ሥራ ነው፤ ነርስ የሚቀረጸውም በዚህ ነው። ለማዕረግ ዕድገት ግን ዋጋው ትንሽ ነው። ከሷ እኩል የተቀጠረው ልጅ ደግሞ ማታ ማታ ከሚያግዘው ትልቅ መምህር ጋር መረጃ ይተነትናል፣ ጽሑፍ ይጽፋል። በሁለተኛው ዓመት ስሙ የታተመ ጥናት ላይ አለ።

ማስተርስ ሲመጣ ከሁለት አንዱ ይከተላል፤ ወይ እዚያው ትማራለች ወይ ሌላ ከተማ ትሄዳለች። ብዙ ጊዜ ትዳርና ልጅ የሚመጡት በዚሁ ዕድሜ ነው። ባል ትምህርት ሲሄድ ሚስት ቤት ትጠብቃለች፤ ማንም አይጠይቅም። ሚስት ስትሄድ ግን ቤተ ዘመድ ይሰበሰባል። «ልጁን ለማን ትተሽ?» ይባላል። ይህን ጥያቄ ያልተጠየቀች የጤና መምህርት ማግኘት ይከብዳል። የተጠየቀ ወንድ ማግኘት ደግሞ ከዚያ ይብስ ይከብዳል።

ሕጉ ጥሩ ነው። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጥ ነበር። መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁም ይል ነበር። ከዚያ በላይ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 ያለፈው በደል ታርሞ ሴቶች ከወንዶች እኩል ተወዳዳሪ እንዲሆኑ ልዩ የድጋፍ እርምጃ እንደሚገባቸው ደንግጓል። ግን አራት ወሩ ካለቀ በኋላ ያለውን ሕይወት አዋጅ አይቆጥረውም። ጡት የምታጠባ መምህርት ጠዋት 2 ሰዓት ተማሪ ይዛ ዋርድ መገኘት አለባት። የማታ ልምምድ ካለ ማታም አለች። የትምህርት ክፍል ስብሰባ ደግሞ ሁሉም ሥራውን ከጨረሰ በኋላ፣ 11 ሰዓት አልፎ ይጠራል። የሥርዓተ ትምህርት ረቂቅ የሚጻፈው ቅዳሜና እሁድ ነው። ውሳኔ የሚወሰነው በነዚህ ሰዓታት ነው። እሷ የለችም። ከጊዜ በኋላ «ሴቶች ኮሚቴ ላይ አይሳተፉም» የሚል ወሬ ይመጣል።

ከዚያ የምርምሩ ጉዳይ አለ። ጅማ በሀገሪቱ የምርምር ዩኒቨርሲቲ ተብለው ከተለዩት ስምንት ተቋማት አንዱ ነው። ይህ ለከተማዋም ለተቋሙም ክብር ነው። ጎን ለጎን ግን የታተመ ጥናትና ፒኤችዲ የሚመዝኑት ክብደት ጨምሯል። ለነርሲንግ ይህ ሁለት ጊዜ ይከብዳል። አንደኛ፣ በሀገር ውስጥ የነርሲንግ ዶክትሬት ዘግይቶ የመጣ ነው። ብዙ የነርስ መምህራን ወደ ሕዝብ ጤና ወይም ኤፒዲሚዮሎጂ ሄደው ነው ከፍተኛ ትምህርታቸውን የያዙት። ስለዚህ ነርሲንግን የሚመራው ሰው ራሱ ከነርሲንግ ትንሽ ራቅ ብሎ የተማረ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ጥናት ለመጻፍ የሚያስፈልገው ዋና ነገር ያልተቆራረጠ ሰዓት ነው። ያልተቆራረጠ ሰዓት ያለው ማን ነው? ቤቱ ደርሶ እራት ተዘጋጅቶ የሚጠብቀው ሰው ነው።

በዚህ መንገድ ተጉዞ አሥር ዓመት ሲያልፍ ሁለቱ እኩል የተቀጠሩ ልጆች ሁለት ቦታ ናቸው። እሱ ረዳት ፕሮፌሰር ሆኖ ለኃላፊነት ይወዳደራል። እሷ ሌክቸረር ናት፤ መስፈርቱንም አታሟላም። ወረቀቱ ላይ ሲታይ ውድድሩ ፍትሐዊ ነው። አድልዎ ያደረገ ሰው ፈልጋችሁ አታገኙም።

ዋርድ ውስጥ ያለችው መምህርት

ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ግን ስለ እሷ ማንም የማይናገርላት ሰው አለች። የሆስፒታሉ ነርስ ናት። መምህሩ ተማሪዎቹን አድርሶ ሲመለስ ቀኑን ሙሉ የሚቀሩት ከሷ ጋር ነው። ደም ሥር እንዴት እንደሚገኝ፣ የሚያለቅስ ሕፃን እንዴት እንደሚያዝ፣ ሰው ሲሞት ቤተሰቡ እንዴት እንደሚነገረው ያሳየቻቸው እሷ ናት። በቋንቋም ቢሆን ከግቢው መምህራን ይልቅ ለአካባቢው የምትቀርበው እሷ ናት። ደመወዟ ግን የነርስ ደመወዝ ነው፤ ለማስተማሯ የሚጨመር ነገር የለም ማለት ይቻላል። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት የጤና ባለሙያዎች በኑሮና በደመወዝ ጉዳይ በመላ ሀገሪቱ ድምፃቸውን ያሰሙት ያለ ምክንያት አልነበረም። ልምድ ያላት ነርስ ስትለቅ ሆስፒታሉ ሠራተኛ ያጣል፤ ትምህርት ቤቱም ሳያውቀው መምህር ያጣል።

የነርሲንግ ትምህርት አመራር ስብጥር ሲባል ሴትና ወንድ፣ ብሔርና ቋንቋ ብቻ እንዳይመስለን። ክፍል የሚያስተምረውና አልጋ ዳር የምታስተምረው ሰው አንድ ጠረጴዛ ላይ አለመቀመጣቸው ራሱ ትልቅ ክፍተት ነው። የዋርድ ልምምድ ፕሮግራም ሲወጣ ዋርዱን የምታስተዳድረው ሄድ ነርስ ብትጠየቅ ብዙ ነገር ትናገራለች። አርባ ተማሪ በአንድ ጊዜ አንድ ክፍል ሲገባ ታማሚው ምን እንደሚሰማው ታውቃለች። የትኛው ሳምንት እንደሚጨናነቅ ታውቃለች። እርጉዝ ተማሪ በየትኛው ዋርድ መመደብ እንደሌለባት ታውቃለች።

«ብቃትስ?»

ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል፤ መነሣቱም ተገቢ ነው። ታማሚ የሚያድነው ስብጥር ሳይሆን ችሎታ ነው ይባላል። እስማማለሁ። ግን ብቃት ማለት ምን እንደሆነ እንነጋገር። የነርሲንግ ትምህርት ቤት ኃላፊ ምን መቻል አለበት? ጥናት ማንበብ፣ መጻፍ፣ በጀት ማስተዳደር፤ አዎ። ዋርድ ውስጥ ተማሪ ሲያጠፋ ታማሚም ተማሪም ሳይጎዳ ማረም፣ ከሆስፒታል ነርሶች ጋር ተግባብቶ መሥራት፣ ከቀበሌ አመራርና ከአባት ሽማግሌዎች ጋር መነጋገር፣ ከሩቅ መጥታ ቋንቋ ቸግሯት የምታለቅስ ተማሪን ማጽናናትስ? እነዚህም ብቃት ናቸው። አሁን ያለው ሚዛን የመጀመሪያዎቹን ብቻ ይለካል። የሌሎቹ መለኪያ አለመኖሩ ዋጋ የላቸውም ማለት አይደለም።

አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ስብጥር ስል የብሔር ተዋጽኦ እየተባለ ወንበር የሚከፋፈልበትን አሠራር ማለቴ አይደለም። ያ አሠራር በዩኒቨርሲቲዎቻችን ውስጥ ብዙ ቂምና ጥርጣሬ ትቶ አልፏል፤ ጎበዝ መምህርን ሳይቀር «በኮታ የመጣ» አስብሎ አዋርዷል። እኔ የምለው ዋርዱ የሚፈልገው እውቀት ሁሉ ስብሰባው ላይ ይኑር ነው። ያ እውቀት የሸካ ልጅ ጋ ሊኖር ይችላል፤ ጅማ ተወልዳ ያደገች አማርኛ ተናጋሪ ጋም ሊኖር ይችላል።

ደግሞ በሩም ጠባብ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ። ቤተ ሙከራ ከሌለው፣ መምህር ከማይሟላለት የገጠር ትምህርት ቤት የምትመጣ ልጅ በዚህ ወንፊት የማለፍ ዕድሏ ምን ያህል ነው? የፈተናው ጥብቅነት ኩረጃን ማስቀረቱ መልካም ነው። ግን ከአሥር ዓመት በኋላ ለነርሲንግ አመራር የሚወዳደሩት ዛሬ ከዚህ ወንፊት የሚያልፉት ናቸው። ማለፊያ ነጥብ ላላመጡ ተማሪዎች በሚሰጠው የሪሚዲያል ፕሮግራም ላይ የሚሠራው ሥራ ለዚህ ነው ትኩረት የሚያስፈልገው።

ከየት ይጀመር?

ብዙው ነገር አዲስ በጀት አይጠይቅም። ስብሰባን በሥራ ሰዓት መጥራት ገንዘብ አያስወጣም። ማታና ቅዳሜ የሚጻፈውን ረቂቅ ለመምህራን በሥራ ጭነት ውስጥ ቆጥሮ መመደብም እንዲሁ። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ለዩኒቨርሲቲዎች የውስጥ ደንብ የማውጣት ሥልጣን ሰጥቷል። የማዕረግ ዕድገት መመሪያው ላይ በዋርድ የማስተማር ጥራት በወጉ እንዲለካ ማድረግ የሴኔት ሥራ ነው፤ አዲስ አበባ ሄዶ ደጅ መጥናት አይፈልግም።

ሁለተኛው የሕፃናት ማቆያው ነው። ማቆያ ሲባል አንድ ክፍል ጥቂት አሻንጉሊት አስቀምጦ ማስመረቅ ከሆነ አይረባም። ለነርስና ለነርስ መምህርት የሚጠቅመው ዋርዱ አጠገብ ያለ፣ ጠዋት ከ2 ሰዓት በፊት የሚከፈት፣ የማታ ተረኞችንም የሚያስብ ማቆያ ነው። ሰዓቱ ከልምምድ ፕሮግራሙ ጋር ካልገጠመ ቢኖርም እንደሌለ ነው።

ሦስተኛው ጥናትን የሚመለከት ነው። ዋርድ ውስጥ የሚውሉ ወጣት መምህራን፣ በተለይ ሴቶቹ፣ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ አንድ አንጋፋ ተመራማሪ በስም ይመደብላቸው። እስካሁን እንዲህ ያለው ግንኙነት የሚፈጠረው ሻይ ቤት ውስጥ፣ በወንዶች መካከል፣ በጨዋታ ነው። የሻይ ቤቱን ጨዋታ ማንም አይከልክል። ግን ዕድል በሻይ ቤት ብቻ አይታደል። የዋርዱ ችግር ራሱ ደግሞ ጥናት ይሆናል። በአስተርጓሚ የሚታከሙ ታማሚዎች መድኃኒታቸውን እንዴት ይወስዳሉ? ይህን ጥያቄ ከጅማ የተሻለ የሚመልስ ዋርድ ብዙ የለም፤ ጥያቄውን ከዋርድ ነርሶች የተሻለ የሚያውቀው ሰውም የለም።

የሆስፒታሉ ነርሶችም በትምህርት ክፍሉ ስብሰባ ላይ ድምፅ ያለው ወንበር ይኑራቸው። ሁለት ቢሆኑ ይበቃል፤ በየዓመቱ ቢቀያየሩም ጥሩ ነው። ለሚያስተምሩት ሰዓት ደግሞ ክፍያው ትንሽም ቢሆን በጽሑፍ ይታወቅ።

ከሁሉ በፊት ግን መቁጠር ያስፈልጋል። እያንዳንዱ የነርሲንግ ትምህርት ክፍል ባለፉት አሥር ዓመታት ረዳት ምሩቅ አድርጎ የቀጠራቸው እነማን እንደሆኑ ያውቃል። ዛሬ የት እንደደረሱ፣ ስንቶቹ ማስተርስ እንደያዙ፣ ስንቶቹ ኃላፊ እንደሆኑ፣ ስንቶቹ እንደለቀቁ፣ በፆታ ለይቶ አንድ ገጽ ላይ ማውጣት ይቻላል። መረጃው የሰው ኃይል ቢሮው ፋይል ውስጥ ተቀምጧል። ሴቶቹ የሚቀሩት ማስተርስ ላይ ከሆነ መፍትሔው አንድ ነው፤ ጥናት ማሳተም ላይ ከሆነ ሌላ ነው። ያን ገጽ ሠርቶ ለመምህራኑ ሁሉ ማሳየት የአንድ ሳምንት ሥራ ነው፤ ቀጣዩ የኃላፊነት ማስታወቂያ ከመለጠፉ በፊት ቢሠራ ደግሞ መስፈርቱን ለሚጽፉት ሰዎች ይደርሳል።